የሰናመኪው ሐምሌ

ባለፈው ጥቅምት ድሬዳዋ ገበያ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ ልገዛ አንዲት ቅመም ሻጭ ዘንድ ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ የጠየቅኋትን ስትፈልግ አንድ ጆንያ አፉን ፈትታ ወደ ጎን ገፋችው። ሽታው ወዲያው መጣ። የደረቀ ሣር የሚመስል፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ መጨረሻው ላይ ግን ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። ጎንበስ ብዬ ማየት አላስፈለገኝም።

«ሰናመኪ ነው፤ ለሆድ ድርቀት ፍቱን ነው። ልስጥሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ» ብዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ጥቁር አዝሙዱንም ረስቼዋለሁ። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ምግብ ቤት በር ላይ የቆምኩ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር።

እናቴ ብርቄ እዚያ ሰፈር ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረቻት። የሚመገቡባት ባብዛኛው ከአዲስ አበባ ወደብ ድረስ ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌሮች ናቸው። ያ ሐምሌ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ቤት የዋልኩበት ነበር። ከበረሃ የሚነሣው ኻምሲን የሚሉት ንፋስ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ይረጫል። የበር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ሻይ ሊፈላበት ምንም አይቀረው። ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጓዳ ውስጥ እየተሽሎኮለኩ የእናቴን ሥራ አበላሻለሁ።

ከደንበኞቻችን አንዱ ሙሴ ደሳለኝ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነው። ነጭ ጢም፣ ረጅም ከዘራ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ። ሾፌሮቹ ሁሉ «ሙሴ፣ ሙሴ» እያሉ ብድግ ይሉላቸዋል። እኔ የሰንበት ትምህርት ተማሪ ነበርኩና ነገሩ ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር፤ ሰውየው ነቢዩ ሙሴ ናቸው። ጢሙ አለ፣ በትሩ አለ፣ ቀይ ባሕርም እዚያው አጠገባችን አለ። አንድ ቀን ደግሞ በራሳቸው አፍ ለእናቴ «አርባ ዓመት በረሃ ለበረሃ ተንከራተትኩ» ሲሉ ሰማኋቸውና ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልቀረኝም። «ሙሴ» በፈረንሳይኛ «አቶ» ማለት መሆኑን፣ የድሬዳዋና የጅቡቲ የባቡር ሠራተኞች ሁሉ «ሙሴ» እየተባባሉ እንደሚጠራሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። እሳቸው በባቡሩ ክሊኒክ ድሬሰር ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ከጣቢያ ጣቢያ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረው፣ የድሮው ባቡር ሲቆም እሳቸውም ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ አንዲት ክፍል ይዘው ቀሩ።

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እናቴ ደግሞ እኔን ከጓዳ የምታስወጣበት ሰበብ ትፈልግ ነበር። «ሙሴ ደሳለኝ፣ ይቺን ልጅ ይውሰዱልኝ፤ ዓይን ትሁንዎት» አለቻቸው። በዚህ ሁኔታ ነው የቅጠል ለቃሚ የሆንኩት።

ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በአሮጌው ሐዲድ ላይ እንሄዳለን። ሐዲዱ ግማሹ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። የከተማው ፍየሎች ካርቶን እያኘኩ ያዩናል። በሐዲዱ ግራና ቀኝ ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ ሲቆረጥ ወተት የሚያፈስስ ቁጥቋጦ በብዛት ይበቅላል። «ይሄ ጦቢያ ይባላል» አሉኝ። እኔም ከጦቢያ በባቡር ተሳፍሮ የመጣና መመለሻ ያጣ ተክል መሰለኝ፤ አሳዘነኝ።

«ወተቱ ለጭርት ይሆናል» አሉኝ ሙሴ። «ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ያሳውራል። ያው አንዱ ወተት ነው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«አልገባሽም። ግን ይገባሻል።»

አንድ ተክል ባገኘን ቁጥር ሥርዓት አላቸው። መጀመሪያ እኔ መልኩን እነግራቸዋለሁ፤ ቅጠሉ ስንት ሆኖ እንደሚቆም፣ አበባው ምን ዓይነት እንደሆነ። ከዚያ እሳቸው ያሸቱታል። ከዚያ ስሙን በሚያውቁት ቋንቋ ሁሉ ይጠሩታል፤ በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማልኛ፣ በፈረንሳይኛ። ባብዛኛው ያስተማሯቸው በባቡሩ መስመር ዳር የሚኖሩ የአፋር እናቶች ናቸው። «እኔ ኪኒን እሰጣቸዋለሁ፤ እነሱ ቅጠል ይሰጡኛል። ማን ማንን እንዳከመ አላውቅም» ይላሉ። ከአንድ ቁጥቋጦ ከግማሽ በላይ አያስቀጥፉኝም። ያገኘነውን በደብተራቸው አስጽፈውኝ፣ ቤታቸው ወስደን ጥላ ላይ አስጥተን፣ ሲደርቅ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ እናስቀምጠዋለን።

ቅጠል ሁሉን ያድናል የሚል ሰው ሲያጋጥማቸው ግን ይቆጣሉ። ሰው ትኩሳት ይዞት ሲመጣ ዲስፓንሴር ወደሚሉት ጤና ጣቢያ ይልኩታል እንጂ ቆርቆሯቸውን አይከፍቱም። «ኪኒን ራሱ ከዛፍ ልጣጭ የተገኘ ነው። ስሙ የመጣውም ከዚያው ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ግን ከልጣጩ ውስጥ የሚያድነውን ለይተው፣ መጥነው አወጡት። እዚህ በረሃ ላይ የበቀለው ሁሉ ውስጡ አንድ ነገር ይኖረው ይሆናል፤ ማንም ገና አልመጠነውም። እኔም አልመጠንኩትም።»

ዘሀራ የመጣችው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። አንድ ሾፌር ከዲኪል መንገድ ላይ ግራር ሥር ተቀምጣ አግኝቶ አሳፍሮ አመጣት። ከከሚሴ አካባቢ ተነሥታ፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሯ፣ ወደ ሳዑዲ የምትሄድ ልጅ ነበረች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጫማዋ ከእግሯ ጋር ተጣብቋል።

«እትዬ ብርቄ፣ እግሯ እስኪድን ብቻ» አለ ሾፌሩ።

ሙሴ እግሯን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ አጠቡላት። ክፍት የሆነውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ሸፈኑት። ዙሪያውን የተቃጠለውን ቆዳ ግን ከሐዲዱ ማዶ ካለው ድንጋያማ ቦታ ባመጣሁት እሬት ቀቡላት። እሬቱን የላጥኩት እኔ ነኝ። ዘሀራ ስትነካ ቁና ቁና ትተነፍሳለች እንጂ አትጮህም።

«ከቁስሉ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ አመርቅዟል ማለት ነው፤ ሐኪም ዘንድ ነን» አሉ ሙሴ። ቀዩ መስመር አልወጣም። በሳምንቱ መራመድ ጀመረች።

እህት ኖሮኝ አያውቅም። ዘሀራ ፀጉሬን ሹሩባ ትሠራኛለች፤ እየሠራች መንዙማ ታንጎራጉራለች። ፈረንሳይኛ የቀላቀለ አማርኛዬን ስትሰማ በሳቅ ትፈነዳለች። አንድ ቀን «ነይ ላ ሜር ላሳይሽ» አልኳት።

«የማን ላም?» አለችኝ።

«ላም አይደለም፤ ባሕር!»

ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። ዳርቻው ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ዘግና ቀመሰችውና ተፋችው። «ወላሂ፣ ይሄ ሁሉ ውኃ ለምንም አይሆንም?» አለች። ቀጥሎ የጠየቀችኝ ማዶው የት እንደሆነ ነው። ማዶ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አንድ ሰኞ ወደ ሳዑዲ ሊያሻግራት የተስማማው ደላላ መጣ። ሐሙስ ከሰዓት መኪና እንደሚመጣ፣ እሷንና ሌሎቹን ተጓዦች ወደ ኦቦክ እንደሚወስድ፣ ከዚያ በጀልባ እንደሚሻገሩ ነገራት። እናቴ ሳህን እያጠበች ሁሉንም ሰማች። ሾፌሮቹ ሰው እንደጫኑ ስለሚሰምጡት ጀልባዎች የሚያወሩትን እኔም ሰምቼ አውቃለሁ።

በማግስቱ ሐዲዱ ላይ ስንሄድ ሙሴን ለመንኳቸው። «ባሕሩን ይክፈሉላት» አልኳቸው።

«ምን?»

«በከዘራዎ። በእግሯ ትሻገራለች። እግሯ ድኗል።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ከልቤ መሆኑ ሲገባቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ብዙ ጊዜ ጠረጉት። «ትርሲት፣ እኔ እኮ የባቡር ድሬሰር ነኝ» አሉኝ፤ የስማቸውንም ነገር ያን ዕለት ነገሩኝ። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። አንድ ተስፋዬ እሳቸው ነበሩ።

ታዲያ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ሰናመኪ ሆድ ለደረቀበት ሰው እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ከጥቂት ቅጠል በላይ የጠጣ ሰው ከአልጋ እንደማይነሣም ሙሴ ነግረውኛል። የልጅ ሐሳቤ አጭር ነበር፤ ሆዷን ይዛ አንድ ቀን ትተኛለች፣ መኪናው ጥሏት ይሄዳል፣ ዓርብ ተነሥታ ሹሩባዬን ትጨርስልኛለች። መታመም ማለት ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ራስን በእርጥብ ጨርቅ ማሰር፣ ለብቻ የተቀቀለ ሩዝ መብላት ነበር የሚመስለኝ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሙሴ ክፍላቸው ውስጥ ሲተኙ የሰናመኪውን ቆርቆሮ ከፍቼ እጄ የቻለውን ያህል አወጣሁ። አንዴ ዘግኜ አነሰኝና ደገምኩ። በበራድ አፍልቼ፣ ስኳርና ቀረፋ ጨምሬ ለዘሀራ አቀረብኩላት። ፊቷን አጨማደደች።

«ምነው መረረ?»

«ቀረፋው በዝቶ ነው።»

ታናሽ እህቷ ሻይ አፍልታላት እንዴት አትጠጣ። በራዱን ጨረሰችው።

ሐሙስ ጠዋት ከፍራሹ መነሣት አቃታት። እስከ ረፋዱ ድረስ ነገሩ እንዳሰብኩት የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን አልቆመም። ከውስጧ ያልወጣ ነገር አልነበረም። በዚያ ሙቀት ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ የጣቶቿ ጫፍ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው እጅ መሰለ። ስጠራት በሌላ ስም መለሰችልኝ። የእህቷ ስም እንደሆነ እናቴ ነገረችኝ። ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው «ኮሌራ ነው» ተባባሉ። ምሳ ይበሉ የነበሩ ሾፌሮች ሳህናቸውን እየተዉ ወጡ። ደላላው መጥቶ በሽርጡ አፍንጫውን ሸፍኖ ከደጅ አያትና ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶ ሄደ።

የፈለግሁት ሆነ። ደስታ ግን አልመጣም። ጓዳ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ሙሴ መጡ። የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። እናቴን ንጹሕ ውኃ፣ ስኳርና ጨው አስመጥተው በማንኪያ ያጠጧት ጀመር። «ትናንት ምን በላች? ምን ጠጣች?»

«ሁላችንም የበላነውን ነው ሙሴ ደሳለኝ። ሻይ ብቻ ለብቻዋ ጠጥታለች።»

በራዱን አምጡልኝ አሉ። ዝቃጩን በመዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ማየት ስለማይችሉ አሸተቱት። ከዚያ ፊታቸውን በቀጥታ ወደ እኔ አዞሩ፤ ዓይናቸው ሞራ የጋረደው ሰው እንደዚያ አድርገው ያዩኛል ብዬ አላሰብኩም።

«ብርቄ፣ ታክሲ ጥሪ። ትርሲት፣ አንቺ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

በዲስፓንሴሩ ኮሪደር ላይ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። «አሁን ቁጣ የለም። ሐኪሟ ማወቅ ስላለባት ነው። ምን ያህል ጨመርሽ?»

እፍኜን አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሙሴ በፈረንሳይኛ ነገሯት። እኔ ፈረንሳይኛ ከትምህርት ቤት አውቃለሁ፤ የሚሉትን ሁሉ ሰማሁ፤ አንዲት ቃል ግን ግራ አጋባችኝ። «ሰኔ» ይላሉ። «ሰኔ ነው፤ ብዙ ሰኔ» እያሉ ደጋገሙት። ጥፋቴን ለመሸፈን ወሩን እየዋሹልኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ውሸት ማለት ዘሀራን መግደል እንደሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ እያለቀስኩ በአማርኛ ጮህኩ፤ «ሰኔ አይደለም! ሐምሌ ነው! ትናንት ነው ያጠጣኋት!»

ሐኪሟ ምን እንደምል ጠየቀች። ሙሴ አልመለሱላትም። ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅሁም። ፈረንሳዮች ሰናመኪን «ሰኔ» እንደሚሉት የነገሩኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ሁለት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኛች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሙሴ ለእናቴ ሲነግሯት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መድኃኒት ልጅ እጅ በሚደርስበት አስቀመጥኩ» አሉ። እናቴ አልገረፈችኝም። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። «ከእንግዲህ ሰው የሚቀምሰው ነገር አትንኪ» አለችኝ።

«ለዘሀራ የምትነግሪያት ራስሽ ነሽ» አሉኝ ሙሴ። «እኔም፣ እናትሽም አንነግራትም።»

ዲስፓንሴሩ አልጋ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላ ነበር። ሳየኝ ሳቀች። «ነይ እስኪ፤ ፀጉርሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ቆሜ ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀረፋውንም ሳይቀር። ብስኩቱን አስቀመጠች።

«ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ።»

ፍርፋሪውን ከልብሷ ላይ አራገፈች። «ከቤቴ ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቅሪ አላለችኝም። ልጇ ነኝ፣ ወልዳኛለች፣ እሷ እንኳን አላለችኝም። አንቺ ማን ነሽና ነው?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሂጂ አሁን። ሂጂልኝ።»

ወደ ቤት ተመልሳ ዐሥር ቀን ያህል አላናገረችኝም። ፊቴን ሳታይ ሳህን ትቀበለኛለች። በዚያው ሰሞን አብረዋት ሊሻገሩ ከነበሩት አንዷ ደወለች፤ ሁሉም በሰላም ደርሰዋል፣ ሥራም ይዘዋል። ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ወደ ጓሮ ወጣች። ጀልባው ቢሰምጥ ኖሮ አዳንኳት እል ነበር ይሆናል። አልሰመጠም።

እኔም ጠዋት ጠዋት ሐዲዱ ላይ መሄዴን አላቆምኩም። ሙሴ አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አላነሡብኝም፤ ብቻ ቆርቆሮዎቹን ሁሉ አስወርደው ስማቸውንና ጉዳታቸውን በቀይ ቀለም አስጻፉኝ። ለሁሉም ቁልፍ ያለው ሳጥን ገዙ። አንድ ጠዋት ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማን። ዘሀራ ነበረች። ከጎናችን መራመድ ጀመረች።

ያን ዕለት ያወቅነው ነገር ሙሴን እንደ ልጅ አስፈነጠዛቸው። ዘሀራ ቅጠል ታውቃለች። ሴት አያቷ የባህል መድኃኒት አዋቂ ነበሩና ለየትኛው እብጠት፣ ለየትኛው ሳል፣ ለከብቱ ሳይቀር ምን እንደሚሆን ከሕፃንነቷ ስታይ አድጋለች። እዚህ ያለውን አንዱን እያነሣች «እኛ ጋ ዘመዱ አለ፤ ቅጠሉ ግን ሰፋ ይላል» ትላለች። ሙሴ «ጻፊ፣ ትርሲት፣ ጻፊ!» እያሉ ደብተሩ አለቀ። አንዲት ግራጫ ቅጠል ላይ ሦስታችንም ስንከራከር ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ዘሀራ ነጠላዋን ዘርግታ ግማሹን በእኔ ላይ ጣለችው። የታረቅነው በዚህ ነው።

«እዚሁ ቆዪ» አለቻት እናቴ በነሐሴ መጨረሻ። «ከእኔ ጋር ሥሪ። ሙሴም ብቻቸውን ናቸው።»

«እትዬ፣ ሦስት ታናናሾች አሉኝ» አለች ዘሀራ። እናቴም ደግማ አልጠየቀቻትም።

የሄደችው በጳጉሜ ነው። መኪናው ከሰዓት በኋላ መጣ። ሙሴ ስኳርና ጨው በትክክል ለክተው በትንንሽ ላስቲክ አስረው ሰጧት፤ ለስንት ውኃ እንደሆነም ሦስት ጊዜ አስደገሟት። እኔ ልይዛት እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። አየችኝ። ራሷ መጥታ አቀፈችኝና «አንቺዬ፣ አድጊ» አለችኝ። ከዚያ ሌሎች ልጆች መሀል ተጨናንቃ ተቀመጠች። መኪናው ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ። መስከረም አለፈ፤ ትምህርት ተከፈተ። ጥቅምት አለፈ። ሾፌሮቹ ስለ ጀልባ ሲያወሩ እናቴ ድስት እያንኳኳች ጓዳ ትገባለች። ሙሴ ስሟን አይጠሩም፤ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ማንኪያቸው አየር ላይ ይቆማል።

ኅዳር ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እናቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሣች። «ሃሎ» ካለች በኋላ ጥቂት አዳመጠች። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ከብዙ ጫጫታ ውስጥ የዘሀራ ድምፅ «ትርሲት፣ ስንተኛ ክፍል ገባሽ?» አለኝ። «አምስተኛ» አልኳት። ሙሴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በዳበሳ ወደ እኛ እየመጡ ነበር።

እናቴ ወደ ጠረጴዛዎቹ ዞረች። «ደረሰች!» አለች፤ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ደረሰች!»

ሾፌሮቹ ቀና አሉ። አብዛኞቹ ዘሀራን አይተዋት አያውቁም። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ወጣት ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ «ማናት እትዬ?» ብሎ ጠየቃት።

«ልጄ ናት» አለች እናቴ።